በር የምትዘጋው ጊታር

ደህና የሚሠራ ዕቃ የሚያሻሽል ሰው ከሌባ ይብሳል። ኧረ እጅግ ይብሳል! ሌባ ዕቃህን አንዴ ይዞት ይሄድና ይገላግልሃል፤ አንድ ሰሞን ታዝናለህ፣ ከዚያ ትረሳዋለህ። አሻሻይ ግን ዕቃህን እዚያው ቤትህ አስቀምጦ፣ ዓይንህ እያየ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይወስድብሃል። ሌባን ደግሞ ፖሊስ ይይዘዋል። እኔን ማን ይያዘኝ? የጊታሯ ባለቤትም እኔ፣ አሻሻዩም እኔ።

"ጊታር ደግሞ ከየት መጣ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አሶሳ ተቀምጦ፣ መብራት መጣ ሲሉት ስልኩን ሊሰካ የሚሮጥ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ምን ይሠራለታል? እውነታችሁን ነው። ጊታሯን የገዛኋት ሥራ ተዛውሮ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ዕቃውን ከሸጠ አንድ ጎረቤታችን ነው። ሰው ከሱ አልጋ ገዛ፣ ቁም ሳጥን ገዛ። ባለቤቴ ሀዋ እኔን የላከችኝ ለፍሪጁ ነበር። ጊታር ታቅፌ ስገባ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ይሄ ያቀዘቅዛል?" አለችኝ።

አያቀዘቅዝም። ርካሽ ጊታር ነበረች፤ ጀማሪ እንዲማርባት ተብላ የተሠራች፣ ቀለሟ የበሰለ ማንጎ፣ ከጎኗ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያለቻት። ግን ትሠራ ነበር! አልፎ አልፎ ክሯ አንገቷን እየነካ ጭርር ይላል እንጂ ሌላ ነውር አልነበረባትም። ከስልኬ ላይ እያየሁ በባቲ ቅኝት አንዲት የሠርግ ዜማ ለመድኩ። አንዲት ብቻ። ያቺን አንዲት ስመታት ግን ሀዋ ጓዳ ውስጥ ሆና ትከሻዋን ስትነቀንቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ብትጠይቋት ትክዳለች። እኔም እዚያች ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ከእናንተ ጋር ሌላ ወግ በተጨዋወትን ነበር።

አሁን ወደ አማቴ ልውሰዳችሁ፤ የነገሩ ሥር እሳቸው ናቸውና። አማቴ አቶ ይማም በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። ይህን አገር ጫካውን መንጥረው፣ ወባውን ችለው፣ ማሽላውን አብቅለው ነው የለመዱት። ሰውን የሚመዝኑት በእጁ ነው። የኔን እጅ የሀዋን ኒካህ ባሰርን ዕለት ጨብጠው፣ ገልብጠው አይተውታል፤ ከዚያ ወዲህ አስተያየታቸውን አልለወጡም። እኔ ቢሮ ነው የምሠራው። ሌላው አማት "ሥራ እንዴት ነው?" ይላል። የኔው አማት ግን በመጣሁ ቁጥር "አሁንም እዚያው ነህ?" ነው የሚሉኝ።

ታዲያ የሀዋ ታናሽ ወንድም ሰይድ ሊያገባ ሆነ። ሙሽሪት አሻ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር። የአሻ ወገኖች ደግሞ ዙምባራ ነፊዎች ናቸው። ዙምባራ ለማታውቁት የቅል ጥሩምባ ነው፤ ክንድ የምታህል አለች፣ ሰው የሚያህልም አለ። አንዱ ቅል የሚያወጣው አንዲት ድምፅ ብቻ ነው። ነፊው ያቺን ድምፁን ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ አንዴ እፍ ይላል፣ ከዚያ ለጎረቤቱ ይለቃል። ዜማው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ይዞራል። አንድ ጊዜ ከሰማችሁት እግራችሁ የናንተ አይሆንም።

ለሠርጉ ምክክር የተሰበሰብን ዕለት አማቴ ይህንኑ አነሱ። "እነሱ ዙምባራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከኛ ወገን ምን ይሰማል? ሳል?" አሉ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ድሮ ማሲንቆ የሚገዘግዙት ጎረቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወጣቱ ደግሞ ከስልክ በቀር የሚጫወተው የለም። አማቴ ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸውን ሲድሩ ዲዳ ሆነው ሊቀመጡ ነው፣ ያውም ይህን ያህል ዘመን አብረው ገበያ ከወጡት፣ ለቅሶ ከተደራረሱት ሰው ፊት። አንጀቴን በሉት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ዕድሌም ታየኝ።

"እኔ አለሁ፣ አባ" አልኩ። "ጊታር እጫወታለሁ።"

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። "ታስደፍረናለህ ወይስ ታስከብረናለህ?" አሉኝ። አስከብራለሁ አልኩ። በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኙትን ሁሉ "የኔ አማች ጊታር ይመታል" ሲሉ መዋላቸውን ሰማሁ። የኔ አማች! ስንት ዓመት "የሀዋ ባል" ሲሉኝ ኖረው!

አንዲቷን ዜማዬን እያጠናሁ ብቀመጥ ይበቃኝ ነበር። ግን ቢሮ ውስጥ ካይዘን የሚባል ሥልጠና ሰጥተውናል። ከጃፓን የመጣ ጥበብ ነው፤ ያለማቋረጥ ማሻሻል ማለት ነው አሉን። ቢሮው ውስጥ የሚሻሻል ነገር ፈልጌ ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሳመላልስ ከረምኩ። ጥበቡ ተጠራቅሞ መውጫ አጥቶ ነበር እንግዲህ። በዚህ መሀል ስልኬ ላይ አንድ ጢማም ፈረንጅ ብቅ አለና፣ ርካሽ ጊታር የገዛ ሰው ሳይውል ሳያድር መቀየር ያለበትን ዕቃ ይዘረዝር ጀመር። የኔን ጊታር አይቷት አያውቅም። እሷን ግን እንደ ክፉ ጎረቤት አንድ በአንድ ነቀፋት።

መጀመሪያ መቃኛዎቹ አለ። መቃኛ ማለት ጊታሯ ጫፍ ላይ እንደ ጆሮ የተሰለፉት፣ እየተጠመዘዙ ክሩን የሚያከርሩና የሚያላሉ ስድስት ብረቶች ናቸው። በቴሌግራም አዘዝኩ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ተቀበለልኝ፣ በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ሰጠልኝ፣ ሰውዬው ሽንኩርት ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ አመጣልኝ። አዲሶቹ መቃኛዎች ወፍራም ናቸው፤ ቀዳዳው አልበቃቸውም። ምን ችግር አለ? ከጎረቤት አናጺ ድሪል ተዋስኩና ቀዳዳ ማስፋት ያዝኩ። አንዱን አሰፋሁ፣ ሁለተኛውን አሰፋሁ፣ አምስተኛው ላይ ደርሼ ስድስተኛው ላይ ድሪሉን ሳሳርፍ መብራት ሄደ። አናጺው ድሪሉን መልሶ ወሰደ፤ የወፍራሟ ክር መቃኛ እንደ ድሮዋ ቀረች። "ነገ አሻሽላታለሁ" አልኳት። ይህችን መቃኛ አደራ አትርሷት፤ እኔ ግን ረሳኋት።

አምስቱ ቀዳዳዎች ትንሽ ሰፍተው ነበር። ትንሽ ስል አይጥ ባሏን ይዛ ትገባበታለች ለማለት ነው። መቃኛዎቹን ካርቶን አጥፌ ሸጎጥኩላቸው። ሀዋ የወለቁትን አምስት አሮጌ መቃኛዎች አነሳችና፣ "ይሄ አያስፈልግህም?" አለችኝ። አያስፈልገኝም አልኳት። "እሺ" አለች። ማታ ስገባ አልጋችን ላይ ያለው አጎበር እንደ ከበሮ ተወጥሮ አገኘሁት። ለካ መቃኛዎቹን ግድግዳው ላይ በምስማር መትታ፣ የአጎበሩን ገመድ ጠምጥማባቸዋለች። ሲላላ ትንሽ ጠምዘዝ ማድረግ ነው! ስንት ዓመት አፍንጫዬ ላይ ሲተኛ የኖረ አጎበር፣ በባቲ ቅኝት ተወጥሮ አደረ።

ቀጥሎ ሞላ አለ ጢማሙ። ጊታሯ ጀርባ ላይ ክሮቹን ወደ ኋላ የሚይዙ ሞላዎች አሉ። ጠንካራ ሞላ አዘዝኩ፣ መጣ፣ ገጠምኩ። አዲሱ ሞላ ከመጠንከሩ የተነሳ ክሮቹ የተቀመጡበትን ብረት ወደ ውስጥ ሳበው፤ እኔ አንዱን ክር ሳስተካክል ሌላው ይከራል፣ ሌላውን ሳላላ አንደኛው ይጮሃል። ሀዋ አሮጌዎቹን ሞላዎች ይዛ መጣች። "ይሄ አያስፈልግህም?" አያስፈልገኝም። "እሺ።" የጓዳችን በር እኛ ከገባንበት ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም፤ ድንጋይ ተደግፎ ነው የሚኖረው። በማግስቱ እጄን ሳልዘረጋ ከኋላዬ ጧ ብሎ ተዘጋ። ሀገር ሰላም ብዬ የወጣሁ ሰው ደንግጬ ሰው መጣብኝ ብዬ ነበር።

በዚህ አኳኋን ቀጠልን። የድምፅ መጨመሪያ ቁልፎቹን ቀየርኩ፤ አሮጌዎቹ መያዣው ከወለቀው የኤሌክትሪክ ምድጃችን ላይ ገቡ፤ ሀዋ ወጥ ስታበስል እሳቱን ከአንድ እስከ አሥር ትጨምራለች። ድምፁን የምታርገበግበዋን ጎባጣ ዘንግ ቀየርኩ፤ አሮጌዋ የቀርከሃ ጫፍ ላይ ታስራ የማንጎ ማውረጃ ሆነች። መጨረሻውን እንጃ እንጂ፣ ያን ሰሞን ቤታችን ሲሻሻል ታያላችሁ! እየተበላሸች የሄደችው ጊታሯ ብቻ ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገሬ ሰው። የኔን ብብት ሀዋ ሥር ሥሬ እየሄደች ታነሳ ነበር።

የከፋው ፒክአፕ ላይ ነው። መኪናውን አይደለም የምላችሁ፤ ክሮቹ ሥር የተቀበረ ማግኔት አለ፣ የክሩን ንዝረት ሰምቶ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክ። ጢማሙ ሰውዬ የጊታር ነፍስ እሱ ነው ስላለ ነፍሷን ለመቀየር ተነሳሁ። ሬዲዮ ጠጋኙ ልበይድልህ ቢለኝ አብሽር ብዬ መበየጃውን ብቻ ተውሼ መጣሁ። ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ... አንድ አረንጓዴ ተረፈ። የተረፈውን ሽቦ ባዶ ካገኘሁት ብረት ላይ ለጠፍኩትና ሰካሁ።

ጊታሯ አናገረችኝ። በዓረብኛ!

እኔ እጄን አላነሳሁም። ክር አልነካሁም። ከማዶ ከድንበሩ ወዲያ ይሁን ከየት የሆነ የሬዲዮ ጣቢያ ይዛ፣ አንድ ድምፀ መልካም ሰው በድምፅ ማጉያው ያወራል። ክሮቹን በመዳፌ ስነካቸው ዝም ይላል፤ ስለቃቸው ይቀጥላል። እኔና ሀዋ እየተያየን ቆመን ሳለ በሩ ተንኳኳ። አማቴ ናቸው። ልምምዱ እንዴት እንደሆነ ሊያዩ፣ ያውም ሁለት ሽማግሌ ጎረቤት አስከትለው።

አማቴ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ተቀመጡ። በዚያው ቅጽበት ሬዲዮው ወሬውን ጨርሶ ቁርኣን መቅራት ጀመረ። እንዲያው ፍረዱኝ፤ ቁርኣን እየተቀራ ማን ገመድ ይነቅላል? ሁላችንም አቀርቅረን አዳመጥን። ጊታሯ ጉልበቴ ላይ ናት፤ እኔ እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ሽቅብ ይዤዋለሁ። ቂርኣቱ አለቀ። አማቴ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ዓይናቸው ረጥቧል። "ማሻአላህ" አሉ ለጎረቤቶቻቸው። "እኔ መሸታ ቤት የሚጮህ ነገር መስሎኝ ነበር።" ምንም ሳላስረዳ ተነሥተው ወጡ። ልናገር አፌን ስከፍት ሀዋ እግሬን ረገጠችኝ። ዜናው እኔ ዘንድ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ የአቶ ይማም አማች ጊታር ሰላት አታሳልፍም ሆኖ ነበር።

የሠርጉ ዋዜማ ቀን ጊታሯን አንስቼ አንዲቷን ዜማዬን ሞከርኩ። እባካችሁ አትሳቁ። አምስቱ ክሮች ካርቶን ውስጥ እየዋለሉ፣ ገና አንዴ ሳይመቱ ላላ ይላሉ። ሳከርራቸው መቃኛው ከነካርቶኑ ይወልቃል። ዜማው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ! አማቴ ታዩኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "የኔ አማች" ብለው ሲነሡ ታዩኝ። በቃ፣ ሁሉንም አሮጌ ዕቃ መልሼ ልገጥም ወሰንኩና ሀዋ ፊት ቆምኩ።

"ዕቃዎቼ ያስፈልጉኛል።"

"የቱ?"

"ሁሉም።"

ሀዋ እጇን ከሊጡ አውጥታ አየችኝ። "ኑሩ፣ አንተ ጊታር ነው የምትሠራው ወይስ ቤቴን ነው የምታፈርሰው?" አለች ስሜን ጠርታ። አጎበሩን ብነካ በዚህ ክረምት ወባ እንደማይለቀን፣ ምድጃውን ብነካ የሠርጉ ወጥ እንደማይበስል፣ ማንጎ ማውረጃውን ብነካ ራሴ ዛፍ ላይ እንደምወጣ ቆጠረችልኝ። ስለ በሩ ግን ምንም አላለችም። እሷ ወደ ጎረቤት ስትወጣ ካቻቪቴዬን ይዤ ሄድኩና የበሩን ሞላ ፈታሁ። ጀርባዬን ሳዞር የጎረቤት ፍየል ገባች። ሀዋ ለሠርጉ ብላ የገዛችውን አዲስ ሻሽ ግማሹን ከአፏ ላይ ነው የተቀበልኳት። ሞላውን ማንም ሳያዘኝ መልሼ ገጠምኩት፤ ፍየሏንም ሻሹንም አላየሁም ብዬ ልተኛ ነበር፣ ሀዋ ግን ሻሹን አየችው። ስለዚያ ምሽት ሌላ አትጠይቁኝ።

እንግዲህ የሠርጉ ዕለት ጊታሬን በነጠላ ጠቅልዬ ከወገኖቻችን ጋር ወደ ሙሽሪት መንደር ሄድኩ። ሰዉ አንዱ ሌላውን በክርኑ እየነካ ያሳየኛል። ዳሱ ሥር ጄኔሬተር ይጮሃል፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተከራይተዋል። ዙምባራ ነፊዎቹ ወደ ጎን ተሰብስበው አንድ ነገር ይነጋገራሉ። መሪያቸው ሼህ ሀሚድ የሚባሉ ረዘም ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የአሻ አጎት። አንዱ ነፊ ሲመጣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦበት ቅሉ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁን በጣቱ እየዳሰሰ ቆሟል። ሲነፋበት የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። እኔም ሰውዬውን አይቼ "አይዞህ፣ ሁለት ሆነናል" አልኩት በሆዴ።

አማቴ ተነሡ። ነጭ ለብሰዋል። "እንግዲህ ከኛ ወገን" አሉ፤ "የኔ አማች አለ። አስቀድሞ እሱ ያሰማችኋል።" ጊታሯን ሰካኋት።

ከማዶ ያለው የሬዲዮ ሰውዬ ወዲያው በትልቁ ድምፅ ማጉያ ዓረብኛውን ለቀቀው። የኛ ወገን፣ ወሬው ቀድሞ ደርሶታልና፣ እጁን አጣምሮ አቀረቀረ። የሙሽሪት ወገን ግን ዓረብኛ ያውቃል። አንዱ ተነሥቶ ወደ ሰማይ አየ፤ ሌላው ተከተለው፤ ሴቶቹ ምንጣፉን መጠቅለል ጀመሩ። ኋላ እንደነገሩኝ ሰውዬው የአየር ሁኔታ እያነበበ፣ ከባድ ዝናብ ይጠብቁ እያለ ነበር። በመዳፌ ክሮቹን አፈንኩና ዝም አሰኘሁት። ከዚያ የመዳፌን ጠርዝ ከክሮቹ ሳላነሳ ዜማዬን ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ ወፍራሟ ክር ናት። ዱምምም አለች፣ ሙሉ፣ ልክ እንደ ድሮዋ። ሁለተኛውን ስመታ ጭርር አለ። ሦስተኛው ላላ። አራተኛው ከነመቃኛው ወልቆ ካርቶኑን አስከትሎ ሙሽራው እግር ሥር ወደቀ። ቆምኩ። ጄኔሬተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ወደ አማቴ ላለማየት ብጥርም አየኋቸው፤ ቆመው እንደነበሩ ናቸው፣ ግን እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ሳቁብኝ ብዬ አይደለም ያፈርኩት፤ ማንም አልሳቀም። ያፈርኩት ለሳቸው ነው። ያን ሁሉ ጫካ የመነጠሩ ሰው፣ እኔን አምነው ብቻቸውን ቆመው ቀሩ።

ያን ጊዜ ሼህ ሀሚድ ተነሥተው መጡ። አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ጆሯቸውን ወደ ጊታሯ አስጠጉ። "ኡስታዝ፣ ያ መጀመሪያውን ድገም" አሉኝ። ወፍራሟን መታሁ። ዱምምም። ባለ ስንጥቁን ሰውዬ ጠሩትና በበርታኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም የሞተችበትን ድምፁን በአፉ ሁምም አለ። ሼሁ መቃኛውን በጣታቸው አሳዩኝ። ትንሽ አላላሁ። ሰውዬው ሁምም፣ እኔ ዱምም። ትንሽ አከረርኩ። ሁምም፣ ዱምም። ገጠመ! ያቺ መብራት የሄደባት፣ ነገ አሻሽላታለሁ ብዬ የረሳኋት መቃኛ፣ እንደታዘዘች ዞራ እንደታዘዘች ቆመች።

"ተማም" አሉ ሼሁ። "የኛ አንድ ቅል ተሰበረ። ድምፅ ጠፋ። ይሄ ነው፣ ተገኘ።"

"ሌሎቹ አምስት ክሮችስ?" አልኳቸው።

"እሱን ተው። እሱን እኛ እንነፋለን።"

በዙምባራዎቹ መሀል አቆሙኝ። ተራዬ መቼ እንደሆነ ስለማላውቅ ባለ ስንጥቁ ሰውዬ ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ሊነካኝ ተስማማን። ስለዚህ እውነቱን ብትፈልጉ እኔ ጊታሯን ተጫወትኩ፣ ሰውዬው እኔን ተጫወተ። ቅሎቹ ተነሡ። እፍ፣ እፍ፣ እፍ... ትከሻዬ ተነካ፤ ዱምም። ዜማው ዞሮ መጣ፤ ነካ፤ ዱምም። አምስቱ ክሮች ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፤ ማን ዞር ብሎ አያቸው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ገባኝ። እኔ ብቻዬን ስድስት ክር ልሸከም ስንገላታ፣ እነዚህ ሰዎች አንዳንድ ድምፅ ተካፍለው ሠርግ ያቆማሉ።

መጀመሪያ የተነሡት የኛ ሴቶች ናቸው። ቀጥሎ ሰይድና አሻ። ከዚያ አማቴ ነጠላቸውን አገለደሙና መሀል ገቡ። አማቴን ስንት ዘመን ሳውቃቸው እስክስታ ሲወርዱ አይቼ አላውቅም። እኔ ዱምም ባልኩ ቁጥር ትከሻቸውን ወደኔ ይሰብቃሉ፤ ለዳር ተመልካቹም "ያቺ የኛ ናት! ያቺ ዱም የምትለዋ የኛ ናት!" ይላሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እጄ ላብ ስለነበረው ማበስ አልቻልኩም፤ ትከሻዬም ተነካ።

ሲያልቅ ሼህ ሀሚድ ለቀጣዩ ሠርግ እንዳልቀር አስጠነቀቁኝ። አንድ ነገር ግን አስማሉኝ፤ ያቺን ክር እንዳልነካካት። ማልኩላቸው። ዕቃዬን ስጠቀልል አማቴ ሰው ገለል እስኪልላቸው ጠብቀው መጡ። ክርኔን ይዘው ወደ ማንጎው ጥላ ወሰዱኝ። ፍርዴ ደረሰ ብዬአለሁ። እጄን ያዙት፣ ልክ እንደ ኒካሁ ቀን ገልብጠው አዩት። ክሩ ጣቴን ልጦታል፤ የድሪሉ ጠባሳ አለ፤ የመበየጃው ቃጠሎ አለ። አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

"ልጄ" አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

"አቤት፣ አባ።"

ግራና ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የኔም የጓዳ በር አልዘጋ ብሎኛል።"

በማግስቱ ያን ጠንካራ አዲስ ሞላ ከጊታሯ ፈትቼ፣ ካቻቪቴዬን ይዤ ሄድኩ። ጊታሬ ዛሬ ሞላ የሌላት፣ ክሯ አንድ፣ ድምፅዋ አንድ ሆና፣ ሁለት በር ትዘጋለች። አሁን ከሷ የተሻለች ጊታር ካለች ወዲህ በሏት!